«ብዪ» ማለት ለምን አይበቃም?

እኛ ቤት ፍቅር በአፍ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ «እንብላ» ነው። ሲያንገራግር «በሞቴ» ይባላል። «ጠግቤያለሁ» ካለም አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። እንዲህ ባለ ቤት አንዲት ልጅ መብላት ስታቆም ቤተሰቡ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ቃል ነው፤ «ብዪ!» መጀመሪያ በልመና፣ ቀጥሎ በቁጣ፣ ሲብስ በእንባ።

አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ የገባው ሰው ግን የበሽታው ግማሽ ገብቶታል።

እስቲ ማዕዱን ጠጋ ብለን እንየው። ትሪው የጋራ ነው፤ ማን ስንት ጉርሻ እንደበላ የሚቆጥር የለም። የልጅቷ እጅ ሥራ አልፈታም። እንጀራ ትቆርሳለች፣ ወጡን ትነካካለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታጎርሳለች፣ እናቷን ታጎርሳለች። ወጡን የሠራችውም እሷ ናት። አጎቷ «ባለሙያ!» እያለ ያሞግሳታል። ትሪው ሲነሳ እሷ ፊት ያለው እንጀራ እንደነበረ ነው። ግን ትሪ ሲነሳ ማን ልብ ይላል? ወሬው ደምቋል፣ ቡናው ቀርቧል።

ይህች ልጅ ምግብ አልጠላችም። እንዲያውም በዚያ ቤት ስለ ምግብ የእሷን ያህል የሚያስብ ሰው የለም።

የያዛት ሕመም አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ሐኪሞች «የአመጋገብ መዛባት» ብለው ከሚጠሯቸው ሕመሞች አንዱ ነው። ስሙን ያወጣው የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጉል ነው፤ በ1873። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች፣ የ77ቱ ድርቅ ሲቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ሻርል ላሴግ የሚባል ሐኪም ይህንኑ ሕመም ገልጾ ጽፏል። ስሙ ግን አሳሳች ነው። አኖሬክሲያ ማለት «የምግብ ፍላጎት ማጣት» ነው፤ ታማሚዋ ግን ብዙውን ጊዜ ይርባታል። ረሃቧን ማሸነፏን እንደ ትልቅ ድል ነው የምትቆጥረው። መወፈር ያስፈራታል። አጥንቷ ወጥቶ እንኳ መስታወቱ ውስጥ ወፍራም ሰው ይታያታል።

ሁለተኛው ቡሊሚያ ነው፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን «የበሬ ረሃብ» እንደ ማለት ነው። ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ራስል በ1979 ጻፈ። ሰውየው በአጭር ጊዜ ውስጥ ማቆም እስኪያቅተው ይበላል። ከዚያ ጸጸት ይይዘውና የበላውን ለማስወጣት ወይም ለማካካስ ይጣደፋል፤ ያስመልሳል፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል፣ ራሱን ያስርባል፣ ከመጠን በላይ ስፖርት ይሠራል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛችንም ስለሆነ ዓመታት ሳይታወቅበት ያልፋሉ። ልዕልት ዳያና ለዓመታት በቡሊሚያ መሰቃየቷን በ1995 በቢቢሲ ቃለ መጠይቋ ተናግራለች። ያውም ካሜራ የማይለያት ሴት።

ሦስተኛው ቢንጅ ኢቲንግ የሚባለው ነው። ከቁጥጥር ውጭ መብላቱ አለ፣ ማስወጣቱ የለም። ብዙ ሰው የሚይዘው ይኸኛው ነው፤ ወንዶችንም ጭምር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ የመዘገበው በ2013 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው «ሆዳም» ተብሎ ብቻ ነው የኖረው።

እኛም ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ ስም አለን፤ «ጥጋብ»። የ77ቱን ድርቅ ያየ ሰው፣ ሞልቶ የተረፈ ገበታ ላይ ተቀምጦ «አልበላም» የሚል ልጅ ሲያይ ቢናደድ አይፈረድበትም። እኔም «የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ከሚሉት ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ስለ ረሃብ የተሠራ አንድ ጥናት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1944 መጨረሻ፣ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ሕሊናቸው ስላልፈቀደ ጦር ሜዳ አንሄድም ያሉ፣ በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው ተመርምሮ የተመረጡ ናቸው። ጥያቄው በጦርነት የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ ይቻላል የሚል ነበር። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ከሰውነታቸው ክብደት ሩብ ያህሉ ወረደ።

ዋናው ነገር ጭንቅላታቸው ላይ የደረሰው ነው። ስለ ውፍረት ተጨንቀው የማያውቁ ጎረምሶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። አንዷን ሳህን ለረጅም ሰዓት ይዘው እየቆራረሱ፣ እያላመጡ ይቀመጡ ነበር። ነጭናጫ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ስለ ሴት ማሰብ ተዉ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተውም ማቆም አቃታቸው። ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ለመመለስ ወራት ፈጀባቸው።

አሁን ወደ ትሪያችን እንመለስ። ወጡን የምትሠራው፣ ሰው የምታጎርሰው፣ የምትነጫነጨውና ከጓደኞቿ የራቀችው ልጅ የምታሳየው ነገር ግማሹ ጠባይዋ አይደለም፤ ረሃቧ ነው። የተራበ አንጎል ስለ ምግብ ብቻ ያስባል። ስለ ምግብ ባሰበች ቁጥር «ከጀመርኩ አላቆምም» ብላ ትፈራለች። በፈራች ቁጥር ይበልጥ ትቀንሳለች። እዚህ አዙሪት መሀል ገብቶ «ብዪ» ማለት፣ ውሃ የሚፈራን ሰው ገደል አፋፍ አቁሞ «ዝለል» እንደ ማለት ነው።

አዙሪቱ ማንን ይይዛል? ከፊሉ በደም የሚመጣ ነው። በ2019 የወጣ ትልቅ የዘረመል ጥናት ከአኖሬክሲያ ጋር የተያያዙ 8 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል፤ አንዳንዶቹ ሰውነት ምግብን ከሚጠቀምበት መንገድ ጋርም ይገናኛሉ። ስለዚህ እናቶች፣ እባካችሁ «ምን አጥፍቼ ነው?» አትበሉ። ከፊሉ ደግሞ ከአካባቢ ይመጣል። ፊጂ ውስጥ ናድሮጋ የሚባል አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 ነው። ተመራማሪዋ አን ቤከር በዚያው ዓመት ተማሪ ልጃገረዶችን ስትጠይቅ ለመቅጠን ብላ የምታስመልስ አንድም አልነበረችም። በ1998 ሌሎች ተማሪዎችን ስትጠይቅ 11 በመቶ ሆነዋል። ያውም ወፍራም ሴት በሚወደድበት አገር። እኛስ ቤት «ወፈርሽ» ምርቃት ከነበረበት ዘመን «አበጥሽ» ስድብ ወደ ሆነበት የገባነው በስንት ዓመት ነው? ቲክቶክ ላይ የማቅጠኛ ሻይ የሚሸጡትን ጠይቁ።

ጾምን ሳላነሳ ባልፍ ግን ጽሑፉ የእኛ አይሆንም። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ጋና ውስጥ ከ600 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን መርምሮ ነበር። ራሳቸውን በማስራብ የከሱ 10 ልጆች ተገኙ። አንዳቸውም «ወፈርኩ» ብለው አልተጨነቁም። የሚያወሩት ስለ ጾም፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለ ንጽሕና ነበር። ሕመሙ የአገሩን ልብስ ይለብሳል ማለት ነው። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ በሚጾምበት አገር የትኛው ልብስ እንደሚመቸው መገመት አይከብድም።

ታዲያ ጾምን ከሕመም በምን እንለያለን? እኔ የማየው አንድ ቦታ ነው፤ የመፍቻውን ቀን። ጾም ይፈታል። ፋሲካ ሲነጋ ቤቱ ሁሉ ዶሮውን ይዞ ይቀመጣል። እሷ ግን አትፈታም። «ሆዴን አሞኛል» ትላለች፣ «የስእለት ጾም ይዣለሁ» ትላለች፣ ሌላ ጾም ታመጣለች። ሥርዓቱ የታመመን ሰው አያስገድድም፤ ረመዳንም ላይ እንደዚያው ነው። ስለዚህ በሕክምናው የንስሐ አባቷን ወይም ሼሁን ማስገባት ብልህነት ነው። ከሐኪሙ ይልቅ እሳቸው «ልጄ፣ እስክትድኚ ይቅርብሽ» ቢሏት ይበልጥ ትሰማለች።

ሕመሙ ቀልድ አለመሆኑን ላስረግጥ። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት ተርታ ነው፤ አንዳንዶቹ የሚሞቱት ሰውነታቸው ተዳክሞ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸውን አጥፍተው ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ካረን ካርፐንተር በ1983 ከዚሁ ሕመም በመጣ የልብ ችግር ስትሞት ገና 32 ዓመቷ ነበር። አዘውትሮ ማስመለስ ጥርስን ይበላል፣ ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል። ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። የወር አበባ መቅረት፣ ራስን መሳት፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ የልብ ምት መዘግየት፣ ደም ማስመለስ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ለረጅም ጊዜ ሳትበላ የቆየችን ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ባንድ ጊዜ ማጥገብ አደገኛ ነው። ይህን የእኛ ጤና ባለሙያዎች ያውቁታል። ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት ነው፤ ያውም በትንሽ በትንሹ። የአዋቂም ሰውነት እንደዚያው ቀስ ተብሎ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ሕክምናው። የሥነ ልቦና ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ምክር ነው፤ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ «ተይ ልጄ» ሲል። ወይም ፊልም ላይ እንዳየነው፣ ሶፋ ላይ ተኝቶ ስለ ልጅነት ማውራት። ማውራት ሁሉ ግን ሕክምና አይደለም። ኮፐንሃገን ውስጥ ተካሂዶ በ2014 የታተመ ጥናት 70 የቡሊሚያ ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ለ2 ዓመት በየሳምንቱ ስለ ስሜቱና ስለ ውስጡ በጥልቀት ሲያወራ ቆየ። ሌላው በ5 ወር ውስጥ 20 ቀጠሮ ብቻ ነበረው። ከ2 ዓመት በኋላ ሲታይ ከባለ 20 ቀጠሮዎቹ 44 በመቶው ከቁጥጥር ውጭ መብላቱንም ማስመለሱንም አቁመዋል። ሁለት ዓመት ካወሩት 15 በመቶው ብቻ።

ያ ባለ 20 ቀጠሮ ሕክምና ሲቢቲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ። ለአመጋገብ መዛባት የሚሆነውን ያዘጋጀው የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ፌርበርን ነው። ክብደቱ ለወረደ ሰው ቀጠሮው ወደ 40 ከፍ ይላል። ሥራው የሚጀምረው በደብተር ነው። ታማሚዋ የበላችውን ሁሉ በበላችበት ሰዓት ትጽፋለች፤ ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ በዚያን ጊዜ ያሰበችውን። በቡሊሚያ የምትሠቃይ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የመጀመሪያው ሳምንት ደብተሯ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 1:30፣ ሻይ ያለ ስኳር። «ዛሬ ጥሩ እሆናለሁ።»
ቀን 7:00፣ ምንም። «ሥራ አለብኝ አልኳቸው።»
ማታ 3:40፣ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ከድስቱ ላይ ሽሮ፣ ቆሜ። «ቀኑን ሙሉ ጥሩ ነበርኩ፣ አበላሸሁት። ነገ ምንም አልቀምስም።»

ሁላችንም ዓይናችን የሚያርፈው ማታ 3:40 ላይ ነው። ባለሙያው ጣቱን የሚያሳርፈው 7:00 ሰዓት ላይ ነው። «ምሳ ላይ ምን ሆነ?» ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሰውነት ማታ ዕዳውን ያስከፍላል። እሷ ድክመቴ ነው ያለችው ነገር የሚኒሶታዎቹን ጎረምሶች የያዘው ያው ረሃብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ፍቅርም ምክርም አይደለም፣ ሰዓት ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፤ በመሀል መክሰስ። ቢርብም ባይርብም፣ ትናንት ማታ ምንም ተበልቶ ቢሆንም። ሆዷ ለጊዜው መቁጠሪያው ስለተበላሸ ሰዓቱ ይቆጥርላታል። ብዙዎቹ የማታው ግርግር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲቀንስ ያዩታል። ማመን ያቅታቸዋል፤ ብዙ ሲበሉ ይወፍሩ ይመስላቸው ነበርና።

ቀጥሎ ሚዛን። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ለአብዛኛው ሰው ጨዋታ ነው፤ ሳንቲም ሰጥቶ ይወጣል፣ ስቆ ይወርዳል። ለእሷ ግን የዕለቱን ውሎዋን የሚወስን ዳኛ ነው። ሦስት ቦታ ተመዝና ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዛ ቤቷ ትገባለች። በሕክምናው ግን የምትመዘነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከባለሙያው ጋር ብቻ ነው። ቁጥሩ በወረቀት ላይ በመስመር ይሳላል። ውሃና ጨው ብቻውን ክብደት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የአንድ ቀን ቁጥር ምንም እንደማይናገር በዓይኗ ታያለች። ደጋግሞ መመዘንም ጨርሶ አለመመዘንም ፍርሃቱን ይቀልበዋል።

ከዚያ ወደ ሥሩ ይወረዳል። ባለሙያው ክብ እንድትስል ይጠይቃታል። ክቡን እንደ ድፎ ዳቦ አስቡት። «ራስሽን የምትለኪበትን ነገር ሁሉ ቁረሽ፤ ለትምህርት ስንት፣ ለጓደኛ ስንት፣ ለሙያሽ ስንት፣ ለእምነትሽ ስንት።» ዳቦው ተቆርሶ ሲያልቅ አብዛኛውን የወሰደው ክብደትና ቅርጽ ነው። ለሌላው የደረሰው ፍርፋሪ ነው። እዚህ ላይ «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ» ማለት አይጠቅምም፤ ትልቁን ቁራሽ ይበልጥ ያሳብጠዋል። ሥራው ፍርፋሪውን ማሳደግ ነው። ትታው ወደ ነበረው የመዘምራን ቡድን መመለስ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ ከጓደኛ ጋር መንገድ መውጣት። ሌላው ሲያድግ ክብደት ቦታ ያጣል።

አሥራዎቹ ውስጥ ላሉ ልጆች ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ሕክምና አለ፤ ቤተሰብን ያማከለው። ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ ነው የተጀመረው። መነሻ ሐሳቡ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልጅቷ መወሰን ስላቃታት ለጊዜው ወላጅ ይወስናል። ምን እንደምትበላ፣ ምን ያህል፣ መቼ። ሳህኗ ለብቻ ይቀርባል፤ የጋራ ትሪ ለጊዜው ይቅር። ወላጅ አጠገቧ ይቀመጣል፣ እስክትጨርስ አይነሳም። አይሰብክም፣ አይለምንም፣ አያስፈራራም። ሕመሙንና ልጅቷን ለይቶ ማየት ይማራል፤ ሳህን ስትወረውር «በሽታው ነው የወረወረው» ይላል። ክብደቷ ሲመለስ ውሳኔው ቀስ በቀስ ወደ እጇ ይመለሳል። በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕክምናው ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ከታከሙት ልጆች 49 በመቶው ሙሉ በሙሉ ድነው ነበር። ለብቻቸው ከታከሙት ደግሞ 23 በመቶው።

«ብዪ» እንግዲህ እዚህ ተመልሳ መጣች። ልዩነቱ አሁን ብቻዋን አይደለችም። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ድምፅ ሳይጨምር፣ ለወራት፣ አጠገብ ተቀምጦ ነው የምትባለው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሁለት ሥራ ለሚሠሩ ወላጆች ይህ ከባድ ነው። አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት ተራ ይግባ፤ የእኛ ሰው ለቅሶ ቤት ተራ መግባት ያውቅበታል። ደግሞ ውጭ አገር ላሉ አንድ አደራ፦ ልጃችሁን ለራሷ ሕክምና አስተርጓሚ አታድርጓት። አስተርጓሚ ጠይቁ።

መድኃኒትስ? ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ለቡሊሚያ ይረዳል። ክብደቷ ክፉኛ ለወረደ የአኖሬክሲያ ታማሚ ግን ብዙ አይፈይድም፤ ለእሷ ዋናው መድኃኒት ምግቡ ነው።

የት ይኬዳል ለሚለው፣ አዲስ አበባ ከአማኑኤል ሌላ በትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። (አማኑኤልን እንደ ስድብ እየሰማን ስላደግን ስሙ ብቻ ሰው ያስደነግጣል። ይለመዳል።) የሥነ ልቦና ባለሙያ ስታገኙ ለመጠየቅ አትፈሩ፦ በሲቢቲ ትሠራለህ ወይ? የአመጋገብ ደብተር ታስይዛለህ ወይ? የደምና የልብ ምርመራውን ማን ይከታተላል? ሦስተኛውን ጥያቄ ቀላል ነው ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጊዜ ይወስዳል። ማሳቹሴትስ ውስጥ የአኖሬክሲያ ታማሚዎችን ለረጅም ዘመን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ9 ዓመት በኋላ የዳኑት 31 በመቶ ነበሩ፤ ከ22 ዓመት በኋላ ግን 63 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። «አሥር ዓመት ሆናት፣ በቃ» የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

መውደቅም አለ። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ደግሞ ክፉ ቃል አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ልጅቷ ስድስት ወር ታግላ ትንሽ ሰውነት ስትመልስ አክስቷ በር ላይ አቅፋ «ጎሽ! አሁን ሰው መሰልሽ፣ ወዝ አለሽ!» ትላታለች። አክስቷ ደስ ብሏት ነው። እሷ የምትሰማው «ወፈርሽ» የሚለውን ነው፤ ማታ እራቷን ትተዋለች። ስለዚህ ስለ ሰውነቷ ምንም አትበሏት፣ መልካሙንም ቢሆን። ስለ ሥራ ጠይቋት። ስለ ታክሲ ሰልፍ አማርሩ።

የዚያችን የቢሮ ሠራተኛ ደብተር ደግሞ ከወራት በኋላ ገለጥ ብናደርገው እንዲህ የሚል ገጽ እናገኝ ይሆናል፦

ቀን 7:00፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር። «ሽሮው ጨው በዝቶበታል።»